ጠብቆ የሚነበበው የቱ ነው?

የመጽሐፉ ርእስ፦ ፍቅር እስከ መቃብር
ደራሲ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ
ዘውግ፦ ረጅም ልብ ወለድ
መጀመሪያ የታተመው፦ 1958 ዓ.ም.

የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን በቅርብ ካነበባችኋቸው መጻሕፍት አንዱን መርጣችሁ የታዘባችሁትን ጻፉ ብዬ አዝዣቸው ነበር። ምርጫው የራሳቸው ስለሆነ «ኦሮማይ»ን ይዛ የመጣች አለች፤ «ዴርቶጋዳ»ን ይዞ የመጣም አለ። የሚበዙት ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መረጡ። አያስደንቅም። መጽሐፉ ከብዙ ቤት መደርደሪያ አይጠፋም፤ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይዞራል፤ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መጥቷል፤ አያቶቻቸው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሥራ ፈትተው ያዳምጡ የነበሩ ናቸው።

ወረቀቱን ማረም ስጀምር ልቤ ወረደ። ከግማሽ የሚበልጡት «ይህ መጽሐፍ እጅግ አስተማሪ ነው» ብለው ይነሳሉ። ቀጥሎ ታሪኩ ባጭሩ ይመጣል። ከዚያ «ጉዱ ካሣ የለውጥ ሐዋርያ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ትከተላለች። ከየት እንደምትቀዳ አውቃታለሁ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጽፌያታለሁ፤ ማርክም አግኝቼባታለሁ።

ደግነቱ አንድ ነገር ጨምሬ አዝዤ ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ ያልገባችሁን ወይም ያናደዳችሁን ጻፉ፤ ማርክ የለውም ብያቸው ነበር። ጀርባውን መገልበጥ ስጀምር ሌላ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። «በዛብህ ለምን ይሸሻል?» «ጉዱ ካሣ ሲናገር ገጹን ዘልዬዋለሁ፤ ይቅርታ።» «ሁሉም ከሚሞቱ አንዳቸው ቢተርፉ ምን ነበረበት?» አንዱ ልጅ ደግሞ ሦስት ቃል ብቻ ጽፎ ሰጥቶኛል፦ «ስለት ስለት ነው።» እጁ ዝሎ አንዷን ቃል ደግሟት ይሆናል ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበትና አለፍኩ።

ይህን ዳሰሳ የምጽፈው ከፊት ገጾቹ ይልቅ በጀርባዎቹ ተነድቼ ነው።

ነጥቧ

አንዲት ተማሪ ቤቷ መጽሐፉ ስለሌለ የእኔን አሮጌ ቅጂ አዋስኳት። በሁለተኛው ቀን የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መጽሐፉን ገልጣ ፊደሎቹ ራስ ላይ የተቀመጡትን ጥቃቅን ነጥቦች በጣቷ እየነካች፣ «ቲቸር፣ ይቺ የዝንብ ኩስ ናት ወይስ የማተሚያ ቤት ስሕተት?» አለችኝ።

ስሕተት አይደለችም። ሐዲስ ዓለማየሁ ለአማርኛ አጻጻፍ መሻሻል ይከራከሩ የነበሩ ደራሲ ናቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዋና» ብለን ስንጽፍ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ዋነኛው ነገር፣ «ገና» ስንል በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ የሚነግረን የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። ሐዲስ በዚህ ልብ ወለዳቸው ውስጥ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። ልማዱን ተከትሎ የጻፈ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙም አልታየም። ልጅቷ ይህን ስነግራት ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እንዴት አድርገን እንደምናነብም እሳቸው ሊነግሩን ፈልገው ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሐዲስ ነጥብ የሚያኖሩት በፊደል ላይ ብቻ አይደለም። በሐሳብም ላይ ያኖራሉ። እዚህ ጋ ጠበቅ አድርገህ አንብብ፣ ይህን አትለፈው የሚሉን ቦታ አለ። የእኔ ጥያቄ፣ ተማሪዎቹ ያጠበቁት ደራሲው ነጥብ ያኖሩበትን ነው ወይስ ሌላ ቦታ የሚል ነው።

ታሪኩ

ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቢሆንም መንገዱን ለመያዝ ያህል ላንሳው። ዘመኑ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ አገሩ ጎጃም ነው። ማንኩሳ ውስጥ የሚኖሩት ድኾቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ዘግይተው ያገኙት ልጅ በሕይወት ቢኖርላቸው ትዳር ሳይዝ እንዲኖር ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ በዛብህ ይኖርላቸዋል። የቤተ ክህነት ትምህርት ገብቶ ድምፀ መልካምና ዐዋቂ ይሆናል። ዲማ ጊዮርጊስ ሳለ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ፊደል እንዲያስተምር ወደ ትልቁ ግቢ ይገባል፤ አስተማሪና ተማሪ ይዋደዳሉ። ፊታውራሪው ልጃቸውን የሚመጥን ዘር አጥተው ስንቱን ጠያቂ ሲመልሱ የኖሩ ናቸው፤ የድኻ ልጅ አስተማሪ ሊታሰብ አይችልም። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለ በኋላ ቤቷን ጥላ ፍለጋ ትወጣለች። የሚገናኙት እሱ ሊሞት ሲል ነው፤ እሷ ትመነኩሳለች፤ መጨረሻቸውም በአንድ መቃብር ውስጥ ይሆናል።

በመካከላቸው ካሣ ዳምጤ አለ፤ የፊታውራሪው ዘመድ፣ የተማረ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ገረዱን ያገባ፣ ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየውና «ጉዱ ካሣ» የሚለው። የደራሲው የሐሳብ ነጥብ በብዛት ያረፈው እሱ ላይ ነው።

ጉዱ ካሣና የሚኒ ሚዲያው ፈተና

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት የመጽሐፍ ትረካ ያቀርባል። ለሙከራ ከዚሁ መጽሐፍ ሁለት ክፍል በሁለት ቀን እንዲነበብ አደረግሁ። በመጀመሪያው ቀን የጉዱ ካሣ አንድ ረጅም ንግግር ቀረበ። አንባቢው ጎበዝ ነው፤ ድምፁም ያምራል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ልጆቹ ወደ ኳሱ ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን ፊታውራሪ መሸሻ የሚኩራሩበት፣ ቤተሰቡ የሚንቀጠቀጥበት ክፍል ተነበበ። ኳሷ ቆመች። ሳቁ ከእኛ ማረፊያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ይህ የልጆች ፈተና ስለሆነ አይናቅም። ልብ ወለዱ ብርታቱ የት እንደሆነ ያሳያል። ጉዱ ካሣ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜውም ደፋር ነበር። ዘር ቆጠራን፣ የመኳንንቱን ትዕቢት፣ የልማድን ጭነት በአደባባይ የሚከስ ገጸ ባሕርይ በንጉሡ ዘመን አትሞ ማውጣት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ጉዱ ካሣ ሲናገር ልብ ወለዱ ይቆማል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሰሚ ይሆናሉ፤ ምልልሱ ስብከት ይሆናል። አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ድምዳሜ ጉዱ ካሣ ቀድሞ ያጎርሰዋል። ከ500 ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፍ ውስጥ ይህ መደጋገሙ ይከብዳል። «ገጹን ዘልዬዋለሁ፤ ይቅርታ» ያለችው ተማሪ ይቅርታ መጠየቅ አልነበረባትም። የጻፈችው ሂስ ነው፤ እኔም ብሆን ያንን ገጽ ለፈተና ስል እንጂ ለደስታ ደግሜ አላነበብኩትም።

ፊታውራሪ መሸሻ ግን ማንም ሳይተነትንላቸው ራሳቸውን ይገልጣሉ። አነጋገራቸው፣ አቀማመጣቸው፣ የቁጣቸው አነሳስና አወራረድ ያሥቃል፤ ሥቆ የጨረሰ አንባቢ ደግሞ ይህ ሰው የስንት ሰው ጌታ ነው ብሎ ይደነግጣል። ገበሬዎቹ ከተለመደው በላይ ግብር አንሰጥም ባሉ ጊዜ ፊታውራሪው ሊቀጧቸው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎችም ድል ነሥተው ይማርኳቸዋል። ጉዱ ካሣ በስንት ገጽ ያስረዳው የሥርዓቱ ባዶነት እዚህ በአንድ ድርጊት ይታያል። ጌትነት ሌሎች እሺ እስካሉ ድረስ ብቻ የሚቆም ነገር መሆኑን አንባቢው በዓይኑ ያያል። የሐዲስ ስላቅ ከስብከታቸው ይበልጣል። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ የሚያሥቅም የሚያስፈራም ሹም ፈልጌ ብዙም አላገኘሁም።

ይህን ክፍል የቀደመው ትውልድ ተማሪ እንዴት አጥብቆ እንዳነበበው መገመት አይከብድም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በዓመቱ። ለዚያ አንባቢ የአበጀ በለው ጉዳይ ከልብ ወለድ ይልቅ የነገ ዜና ይመስል ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች ግን ባላባት አይተው አያውቁም። ገባርነት ለእነሱ የታሪክ ደብተር ነው። በፊታውራሪው ይሥቃሉ እንጂ አይናደዱባቸውም። ቁጣቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ስለቱ

ከጀርባ ገጾቹ ብዙዎቹ የሚመላለሱበት ስም ጉዱ ካሣ ወይም ፊታውራሪ መሸሻ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። በዛብህ ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም በወቀሳ። ለምን አይናገርም? ለምን አይቆምም? ለምን ይሸሻል? እኛ መምህራን ይህን ጥያቄ «በዛብህ ደካማ ገጸ ባሕርይ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «አባቴ እኔ ሐኪም እንደምሆን ለዘመዱ ሁሉ ተናግሯል። እኔን የጠየቀኝ የለም። አባቴ ክፉ ቢሆን እምቢ እለው ነበር። ግን በጣም ነው የሚወደኝ። በዛብህ ለምን እንደፈራ ይገባኛል።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ መጽሐፉ ተመልሼ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደ አዲስ አነበብኳቸው። እስከ ዛሬ ወደ ፍቅሩ ለመድረስ ስቸኩል እንደ መግቢያ እያየሁ የማልፋቸው ነበሩ። ለካ መጽሐፉ የሚታሰረው እዚያ ነው።

ስለት የአገራችን ሰው የኑሮ አንዱ ወግ ነው። የታመመ ቢድን፣ የጠፋ ቢገኝ፣ መካን ብትወልድ ጃንጥላ ይሳላል፤ ጧፍ ይሳላል፤ ያለው ሰንጋ ይሳላል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሄደ ሰው የስለት ዓይነት አይቶ አይጠግብም። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይለወጥ ሕግ አለ፦ የተሳለው ሰው ራሱ ይከፍላል። ጃንጥላ የተሳለች እናት ጃንጥላውን ገዝታ፣ ተሸክማ፣ እልል ብላ ታገባለች። የበዛብህ ወላጆች ስለት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተሳዮቹ እነሱ፣ ከፋዩ እሱ። ልጁ ነፍስ ሳያውቅ የተፈረመ ዕዳ ነው። ባለዕዳዎቹ ወላጆች በሞት ሲለዩም ዕዳው አብሯቸው አይቀበርም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሕያው ወላጅ ይለመናል፤ ሽማግሌ ይላክበታል። የሞተ ወላጅ ቃል ግን በማን ይለመናል?

በዚህ በኩል ሲነበብ የበዛብህ ዝምታ የደራሲው ጉድለት መሆኑ ይቀራል። የሚሸሸው ፊታውራሪውን ብቻ አይደለም። ሰብለን በወደደ ቁጥር እናቱን የሚክድ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጎራዴ መዝዞ በር ላይ እንዲቆም መጠበቅ ገጸ ባሕርዩን አለማወቅ ነው። ሐዲስ ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ያደጉ ናቸው። ኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀምሰዋል፤ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማርከዋል፤ ጣሊያን አገር በግዞት ኖረዋል፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። የቆሎ ተማሪን ሕይወት የሚያውቁት በወሬ አይደለም። የደጀሰላሙን ክብርና የብቸኝነቱን ቅዝቃዜ አንድ ላይ የሚጽፉት ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በመጽሐፉ ውስጥ እስር ቤት ብቻ ሆኖ አልተሣለም። በዛብህን በዛብህ ያደረገው፣ ለሰብለ ያበቃውም እሱው ነው። ያደገበት ቤት ነው የሚከለክለው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የዲማው ጌታ ልጃቸውን በዘር ቆጠራ ያሥራሉ። የማንኩሳዎቹ ድኾች ልጃቸውን በስለት ያሥራሉ። አንደኛው በትዕቢት፣ ሌላኛው በፍቅር። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ልጆች ያለ ትዳር፣ ያለ ዘር በአንድ ጉድጓድ ይገባሉ። ይህን ያህል ሚዛኑ የተጠበቀ አወቃቀር በአጋጣሚ አይመጣም። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሥርዓት ክስ ብቻ አድርጎ ማንበብ ያሳንሰዋል የምለው ለዚህ ነው። ባላባትነት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ፈርሷል። ወላጅ በልጁ ስም ቃል መግባቱን ግን ማንም አዋጅ አላፈረሰውም።

የደራሲውን ጉድለትም የማየው እዚሁ ላይ ነው። የጉዱ ካሣ ምላስ የሚበረታው በትዕቢተኛው ቤት ላይ ነው። በትሑቱ ቤት ላይ፣ በእናት ስለት ላይ፣ በዚያው መጠን የተሳለ ምላስ የለም። ምናልባት ሐዲስም እንደ በዛብህ እዚያ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ይሆናል። መኳንንትን መክሰስ አንድ ነገር ነው፤ አፈር የለበሰች ድኻ እናትን መክሰስ ሌላ።

የሰብለ መንገድ

ሴቶቹ ተማሪዎች ያነሡት ሌላ ነጥብ አለ። የመጽሐፉ ርእስ ፍቅሩን ለሁለቱ እኩል ያካፍላል፤ ድፍረቱ ግን እኩል አልተካፈለም። አንዷ በአጭሩ አስቀምጣዋለች፦ «እሱ ሲሸሽ ሄደ፤ እሷ ስትፈልግ ሄደች።» ሰው ፊት ቀርባ የማታውቅ የጌታ ልጅ፣ ደጅ ስትወጣ አጃቢ የሚከተላት፣ መነኩሴ መስላ አገር አቋርጣ ትወጣለች። ከጎጃም አዲስ አበባ በዚያ ዘመን ዓባይን በእግር መውረድና መውጣት ነው፤ ሽፍታው፣ ንዳዱ፣ ረኃቡ አለ።

ይህን ያህል ሥራ የምትሠራን ሴት ተራኪው በብዛት የሚያሳየን በመልኳና በጨዋነቷ ነው። ሁሉን ዐወቅ ተራኪ ስለሆነ የፊታውራሪውን ሆድ ገልጦ ያሳየናል፤ የጉዱ ካሣን አእምሮ እንደ ዳዊት ይዘረጋልናል። ሰብለ ያንን ውሳኔ በወሰነችበት ሌሊት ውስጧ ምን እንደነበረ ግን የሚገባትን ያህል ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ። ደራሲው ነጥቡን ውበቷ ላይ አኖሩ፤ ልጆቹ እግሯ ላይ አጠበቁ። እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ።

ቋንቋውና መጨረሻው

ስለ ቋንቋው ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ለሚያነብ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ትንፋሽ መውሰጃው የት እንደሆነ ይታወቃል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሕዝብ የወደደው በተራኪው ችሎታ ብቻ አይመስለኝም፤ ጽሑፉ ራሱ ለጆሮ የተሠራ ነው። ፊደል ላይ የሚያጠብቅ ነጥብ ያኖረ ደራሲ አንባቢው በአፉ እንደሚያነብለት አስቦ ነው። ስለዚህ ለመምህራን ወዳጆቼ የምመክረው፣ ተማሪው መጽሐፉን ብቻውን ጀምሮ እንዳይተወው የፊታውራሪውን ክፍሎች ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ አስነብቡ። ከሣቀ በኋላ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

«ሁሉም ከሚሞቱ አንዳቸው ቢተርፉ ምን ነበረበት?» ላለው ልጅ መልስ ለመስጠት ሞክሬያለሁ። መጨረሻው ላይ አደጋው ሲደራረብ የደራሲው እጅ ይታያል፤ መንገድ ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ ለመቃብሩ ሲባል የደረሰ ይመስላል። ይህ ድካም ነው። ነገር ግን አንዳቸው ቢተርፉ የስለቱ ነገር ሳይቋጭ ይቀር ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ የነበረው ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ለዓለም የታሰበችው የጌታ ልጅ መነኮሰች። ዕዳው በመጨረሻ ተከፈለ፤ የከፈለችው ግን ሳትሳል የተገኘችው ናት። ምጸቱ እዚህ ላይ ከአደጋው ሁሉ ይመራል።

ወረቀቶቹን የመለስኩ ዕለት ሦስት ቃል ብቻ የጻፈውን ልጅ ጠርቼ፣ ቀዩን የጥያቄ ምልክት እያሳየሁ «ይቺን ቃል ለምን ደገምካት?» አልኩት። «አልደገምኳትም፤ ሁለት ናቸው» አለኝ። «አንዷ እናቱ የተሳለችው ናት። አንዷ ቢላዋው ላይ ያለችው።»

የጎጃም ቅኔ ዐዋቂ ኅብረ ቃል ይለዋል፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ሲቆም። እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን መጽሐፍ ልጁ በሦስት ቃል ቆርጦ ሰጠኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ ቢኖሩ እንኳ እዚህ ላይ ነጥብ ሊያኖሩልን አይችሉም ነበር፤ ሁለቱም ላልተው ነው የሚነበቡት።

የጥያቄ ምልክቴን ሰረዝኩት።